ባዶውን ወጥቶ ሞልቶ የሚወርድ

ኦቾሎ ወጥቶ ቁልቁል ያላየ ሰው የዛሬው ጨዋታዬ ግማሹ ብቻ ነው የሚገባው። መንደሩ የተቆረቆረው ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ አለት ላይ ነው። ጫፉ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስትመለከቱ አባያ ሐይቅ ቀላ ያለ ቡናማ መልኩን ይዞ ይታያችኋል፤ ከሥራችሁ ደግሞ፣ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ብሎ፣ የላንቴ ሜዳ ከነሙዙ ተዘርግቷል። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ እዚህ ተቀምጦ የኦቾሎን ሸንጎዎች አጥንቷል፤ ጥናቱንም እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል። የእሱ ጉዳይ ሰዎች ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ አደባባይ ላይ ተቀምጠው፣ ተከራክረው፣ እንዴት አንድ ውሳኔ ላይ እንደሚደርሱ ነበር። የእኔ ጉዳይ ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ነው። እበት ነው።

ጥያቄውን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ። «ላይ ከብት አለ፣ ታች ማሳ አለ። ፈሳሹን ፍግ በቦቴ ሞልቶ በትራክተር ማውረድ አይቻልም? ስንት የፈረስ ጉልበት ይበቃል?» አላችሁኝ። ጥያቄው ደስ አሰኝቶኛል፤ መልሱን በአንድ ቁጥር ብቻ መፈለጋችሁ ግን ትንሽ አሳስቦኛል። ቁጥሩን እሰጣችኋለሁ። ከሰጠኋችሁ በኋላ ግን ራሴው አፈርሰዋለሁ።

መጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር፦ በኦቾሎ መንገድ የፍግ ቦቴ የሚጎትት ትራክተር አላየሁም። ኦቾሎ ባለበት በጋሞ ደጋ ከብቱ ብዙ ጊዜ የሚያድረው ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ጠዋት የሚጠረገው እበት ከጓሮ ላለው እንሰት ይሄዳል፤ ራቅ ላለው ማሳ የሚደርሰው ደግሞ በሰው ጀርባ ነው። ፈሳሽ ፍግ ግን ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ደቡብን ጨምሮ በአራት ክልሎች ሥራ ሲጀምር አብሮት የመጣ ነገር አለ፤ ጋዙ ምድጃው ላይ ከነደደ በኋላ በጉድጓዱ በሌላኛው በኩል የሚወጣው ጠቆር ያለ ቀጭን ፈሳሽ። ባለሙያዎቹ ባዮስለሪ ይሉታል። ሽታው ቀንሷል፣ ማዳበሪያነቱ አልቀነሰም። ችግሩ ማንሳቱ ላይ ነው፤ በአካፋ አይዛቅ፣ በቅርጫት አይያዝ።

እንግዲህ ቦቴውን እንመዝን። ፈሳሽ ፍግ በክብደቱ ከውሃ እምብዛም አይለይም፤ አንዱን ሊትር አንድ ኪሎ ብላችሁ ብትይዙ ከእውነቱ አትርቁም። አይገርምም፣ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውሃ ነውና። ስለዚህ 5,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ 50 ኩንታል ይጭናል። ብረቱ፣ ጎማውና ፓምፑ ራሳቸው 18 ኩንታል ያህል ይሆናሉ። ሲሞላ 68 ኩንታል ማለት ነው። ከፊቱ የምናቆመው ትራክተር 30 ኩንታል ይሁን፤ በአገራችን ማሳዎች የለመድነው ማሲ ፈርጉሰን 385 ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ የተሰጠው ጉልበትም 85 ፈረስ ነው። ድምሩ 98 ኩንታል ነው፤ ለጭንቅላታችን እንዲቀል 100 ኩንታል፣ ማለትም 10 ቶን እንበለው።

አንድ ነገር በመሃል ላስገባ፤ ያገለገለ ቦቴ ከውጭ ለማስመጣት የሚያስብ ካለ ይጠቅመዋል። አየርላንድ ውስጥ የፍግ ቦቴ የሚለካው በጋሎን ነው፤ 2,000 ጋሎን የሚይዘው የተለመደ ነው። የእንግሊዝ ጋሎን ከሆነ 9,092 ሊትር ነው። የአሜሪካ ጋሎን ከሆነ ግን 7,571 ሊትር ብቻ። በአንድ ቃል ምክንያት 15 ኩንታል ይመጣል ወይም ይቀራል! ሻጩን መጀመሪያ «የማን ጋሎን ነው?» በሉት።

ወደ ፈረሱ እንመለስ። አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ የሚመዝን ነገር በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ሽቅብ ማንሳት ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው በሰከንድ አንድ ሜትር ከጉድጓድ ስታወጡ አስቡት። ጥማድ በሬ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የሚያወጣው ጉልበት ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ልብ በሉ፣ በዚህ ትርጉም ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ ክብደትና ፍጥነት። ይህን ከያዛችሁ የቀረውን ሒሳብ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ።

ዳገቱ በየ100 ሜትር ጉዞ 10 ሜትር የሚወጣ ይሁን። እንዲህ ያለ ዳገት ከጠቅላላ ክብደታችሁ አንድ አሥረኛውን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ከ10 ቶን 1,000 ኪሎ። ጎማው በጠጠር መንገድ ላይ ሲንከባለል መንገዱ ራሱ የሚይዘው አለ፤ ከመቶ አራት እጅ ብንለው 400 ኪሎ። ድምር 1,400 ኪሎ። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር መሄድ ማለት በሰከንድ 2.8 ሜትር ነው። 1,400ን በ2.8 አባዝታችሁ ለ75 አካፍሉ፦ 52 ፈረስ። ይህ ጎማው ላይ መድረስ ያለበት ነው። በማርሹ፣ በዲፈረንሻሉና በጎማው መንሸራተት አንድ አምስተኛው መንገድ ላይ ስለሚቀር ሞተሩ 65 ፈረስ ማውጣት አለበት።

85 ነበረን፣ 65 ተጠየቅን። ተገላገልን? ቆይ፣ ቆይ። 85ቱ የተጻፈው አየሩ ወፍራም በሆነበት ዝቅተኛ ቦታ ለሚሠራ ሞተር ነው። ናፍጣ ብቻውን አይነድም፣ አየር ይፈልጋል፤ ከፍታ ስትጨምሩ አየሩ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ጉልበት ያጣል። 2,000 ሜትር ላይ ስትደርሱ ከመቶ 20 እጁ የለም። 85 የነበረው 68 ሆነ። ሦስት ፈረስ ተረፈን። ከአርባ ምንጭ ሽቅብ እየነዳ መኪናዬ ምን ነካት ብሎ የተጨነቀ ሹፌር ሁሉ፣ ሳያውቀው ይህንኑ ሒሳብ ሲሠራ ነበር። ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን በግድ ስለሚያስገባ ከዚህ ጣጣ አብዛኛው ይቀርለታል።

እንግዲህ የጠየቃችሁኝ ቁጥር ይኸው፦ ለ5,000 ሊትር፣ ለእንዲህ ያለ ዳገት፣ 85 ፈረስ ይበቃል። በጭንቅ።

አሁን ላፍርሰው።

የፈረስ ጉልበት የሚነግራችሁ በምን ፍጥነት እንደምትወጡ ነው። ፍጥነቱን ብትቀንሱ የሚፈለገውም ጉልበት ይቀንሳል። ዳገቱ እጥፍ ቢሆን፣ በ100 ሜትር 20 የሚወጣ፣ በአንደኛ ማርሽ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየተንፏቀቅን ብንሄድ ጎማው ላይ 45 ፈረስ እንኳ አይፈጅም። ሞተሩ ይችላል። የማይችለው ጎማው ነው። ጎማ መሬቱን የሚይዘው በላዩ በተጫነው ክብደት ልክ ነው፤ ደረቅ ጠጠር ላይ የክብደቱን ግማሽ ያህል ይስባል፣ የረጠበ ሸክላ አፈር ላይ ሲሶውን ከሳበ ዕድለኛ ናችሁ። የትራክተራችን የኋላ ጎማዎች የሚሸከሙት 20 ኩንታል ነው፤ ቦቴው በጋንቾው በኩል 7 ኩንታል ቢያሳርፍባቸው 27። ግማሹ 1,350 ኪሎ ነው። ለመጀመሪያው ዳገት የፈለግነው ግን 1,400 ነበር! ሞተሩ ሦስት ፈረስ ተርፎት እያለ ጎማው 50 ኪሎ ጎደለው። በዳገት ላይ ክብደት ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ምናልባት እየተፍጨረጨረ ይወጣው ይሆናል። ሚያዝያና ግንቦት፣ የአካባቢው ዋና ዝናብ ሲጥል ግን አይሞከርም። ጎማው በቦታው ይሽከረከራል፣ ጭቃውን ይቆፍራል፣ ልጆች ተሰብስበው ያያሉ።

ለዚህ ነው ትራክተር ሲመረጥ ከፈረሱ ጋር ኩንታሉ የሚጠየቀው። አራቱም ጎማ የሚጎትትለት ትራክተር ሙሉ ክብደቱን ሥራ ላይ ያውላል። ሌላው ጎማው ውስጥ ውሃ ይሞላል ወይም ከፊት የብረት ክብደት ይሰቅላል። ቀላል ትራክተር ላይ ኃይለኛ ሞተር ማስቀመጥ፣ በካልሲ አለት እንደ መውጣት ነው።

እስካሁን ማናችሁም ያልጠየቃችሁኝ ጥያቄ አለ፤ እኔም ሆን ብዬ ዝም ብያለሁ። ቦቴው የሚሞላው የት ነው? ላይ። የሚራገፈውስ? ታች። ታዲያ ሞልቶ ዳገት የሚወጣው መቼ ነው? በጭራሽ! ባዶውን ይወጣል፣ ሞልቶ ይወርዳል። ይህን ሁሉ የዳገት ሒሳብ የሠራነው ለማይሆን ጉዞ ነው።

መልካም ዜና ይመስላል፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ የምፈራው ይህንኑ ነው። ባዶው ቦቴና ትራክተሩ አብረው 48 ኩንታል ናቸው። የመጀመሪያውን ዳገት በዚያው ፍጥነት ለመውጣት ከሞተሩ 31 ፈረስ ብቻ ይበቃቸዋል። ስለዚህ 50 ፈረስ ያላት፣ 20 ኩንታል የምትመዝን ትንሽ ትራክተር ይህን ቦቴ እያፏጨች ታወጣዋለች። ባለቤቱ ያያል፣ «ይኸው ቻለችው!» ይላል። ከዚያ 50 ኩንታል ይሞላበታል፤ አፍንጫዋን ወደ ላንቴ ያዞራታል። አሁን ከጀርባዋ 68 ኩንታል አለ፤ ከራሷ ክብደት ከሦስት እጥፍ በላይ። ዳገቱ ምንም አልነገረውም፤ ዳገቱ የፈተነው ሌላ ዕቃ ነበርና።

30 ኩንታል ወደሚመዝነው ትራክተራችን እንመለስና በ100 ሜትር 20 ሜትር የሚወርደውን ቁልቁለት እንሞክር። 10 ቶኑ በ2,000 ኪሎ ወደ ታች ይገፋል። መንገዱ ራሱ 400 ይይዝልናል። የቀረውን 1,600 ኪሎ የሚይዘው ፍሬን ነው። ቦቴው የራሱ ፍሬን ከሌለው ደግሞ ያለን የትራክተሩ የኋላ ጎማ ብቻ ነው፤ ያ ጎማ በደረቅ ጠጠር ከ1,350 በላይ መያዝ እንደማይችል አይተናል። በቁልቁለት ክብደት ወደ ፊት ስለሚሸሽ እንዲያውም ከዚያ ያንሳል። ፍሬኑን እስከ ወለሉ ብትረግጡት ጎማው ይቆማል፣ ትራክተሩ ግን አይቆምም፤ እንደ በረዶ ሸርታቴ ይንሸራተታል። «በከባድ ማርሽ፣ በሞተር እይዘዋለሁ» የሚል ሹፌር አለ፤ እውነቱን ነው፣ ማድረግም አለበት፣ ግን ሞተሩም የሚይዘው በእነዚያው ሁለት ጎማዎች በኩል ነው። ጎማው ከከዳ ሞተሩ ምን ያድርግ? ቀጥሎ የሚመጣው አስቀያሚው ነው፦ ከኋላ የሚገፋው ቦቴ ቀጥ ብሎ መግፋቱን ትቶ ወደ ጎን ይዞራል፣ ትራክተሩን በወገቡ ያጥፈዋል። በቁልቁለት ማርሽ አውጥቶ መልቀቅማ ባታነሱብኝ ይሻላል።

ሙቀቱንም አስቡት። 10 ቶን ከፍታው በ100 ሜትር ሲቀንስ የሚወጣው ጉልበት ከቧንቧ የተቀዳ 30 ሊትር ውሃ ያፈላል፤ አንድ ጀሪካን ተኩል የፈላ ውሃ፣ በየ100 ሜትሩ። ከፊሉን መንገዱና ሞተሩ ይወስዱታል፣ የቀረው ፍሬኑ ውስጥ ነው የሚገባው። ከአለቱ እስከ ሜዳው ስንት መቶ ሜትር እንደሆነ ቁልቁል አይታችሁ ገምቱ። ፍሬን ሲግል ይዝላል፤ ከቸንቻ የሚወርዱ የጭነት መኪኖች ሹፌሮች ሽታውን ያውቁታል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ቦቴው የራሱ ፍሬን ያለው እንዲሆን ማድረግ ነው። በቦቴው ጎማዎች ላይ 61 ኩንታል አለ፤ እነሱ ሲይዙ ግማሹ ከ3,000 ኪሎ በላይ ነው፣ ያ ሁሉ ክብደት ከጠላትነት ወደ ወዳጅነት ተዛወረ ማለት ነው። ሁለተኛው ቦቴውን ማሳነስ ነው። በቁልቁለት አገር እኔ የምይዘው ልክ ይህ ነው፦ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ሞልቶ ከትራክተሩ ክብደት አይብለጥ። 2,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ ባዶውን 8 ኩንታል ቢሆን ሲሞላ 28 ነው፤ ትራክተራችን 30። በዚያው በ20ው ቁልቁለት የሚያዘው ወደ 930 ኪሎ ይወርዳል፤ የኋላ ጎማዎቹ ደግሞ ከጋንቾው ጭነት ጋር 1,150 ያህል ይችላሉ። በደረቅ መንገድ ይበቃል። በጭቃ አይበቃም፤ ያን ቀን ፍጉ ይጠብቃል፣ አይበላሽም። ሰሞኑን የምንሰማላቸው 15 ፈረስ የማይሞሉት ባለ ሁለት ጎማ ትራክተሮችም በዚሁ ሕግ ይዳኛሉ፤ ጥቂት ኩንታል የሚመዝን ማሽን ቁልቁለት ላይ አንድ ሁለት በርሜል ይበቃዋል።

ቦቴው ግማሽ ሲሆንስ ቀለል አይልም ወይ ላላችሁኝ፦ ክብደቱ ይቀላል፣ ጠባዩ ይከፋል። ሙሉ ቦቴ ውስጥ ያለው ፈሳሽ መሄጃ የለውም። ግማሽ ሲሆን ግን በዳገት ወደ ኋላ ይሮጣል፣ የቦቴው ጅራት ይከብዳል፣ ጋንቾው ወደ ላይ ይነሳል፤ የኋላ ጎማዎቹ የተመኩበትን ያን 7 ኩንታል በጭንቁ ሰዓት ይነጥቃቸዋል። በቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት መጥቶ ይማታል። ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ ብዙ ቦቴ የሚገለበጠው እንዲህ ነው። ደህና ቦቴ ውስጡ ቀዳዳ ያላቸው የብረት ግድግዳዎች አሉት፣ ፈሳሹ እንዳይሮጥ የሚከለክሉ። ስትገዙ ክዳኑን ከፍታችሁ በባትሪ ተመልከቱ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ከሸተታችሁ አፍንጫችሁን ያዙ።

ስለ ፓምፑ አጭር ልበል። ቦቴው የሚመጠው ከትራክተሩ ጀርባ በሚሽከረከረው ዘንግ፣ ፒቲኦ በምንለው፣ በደቂቃ 540 ዙር እየዞረ ነው፤ ለዚህ መጠን 20 ፈረስ ገደማ ቢወስድ ነው፣ ያውም ቆሞ ሳለ። ጉልበቱ አያሳስብም። የሚገርመው ሌላ ነው፦ ፓምፑ ፍጉን አይስበውም። ቦቴው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፣ ፍጉን ከታች ገፍቶ የሚያስገባው የውጭው አየር ክብደት ነው። አየሩ በሳሳበት በ2,000 ሜትር ከፍታ ይህ ክብደት ውሃን ቢበዛ 8 ሜትር ያህል ነው የሚያነሳው፣ በባሕር ጠለል ግን 10 ሜትር። ወፍራም ፍግ፣ የሚያፈስ ቱቦ፣ ያረጀ ፓምፕ ሲጨመርበት 4 ሜትር ላይ ብትደርሱ አመስግኑ። ሞተሩን የቀጣው ስስ አየር ፓምፑንም አይምርም።

እዚህ ላይ ነው የሰው ጀርባ ነገር ተመልሶ የሚመጣው። ከ50ው ኩንታል 45ቱ ውሃ መሆኑን አትርሱ። አውሮፓ ከብቱን ክረምቱን ሙሉ ቤት አስገብቶ፣ ወለሉን በውሃ አጥቦ፣ ፈሳሹን ስለሚያጠራቅም ቦቴ ግዴታው ሆነ፤ ቦቴው ሲያድግ ትራክተሩም አብሮ አደገ። የጋሞ ገበሬ እበቱን ሲሸከም ያን ሁሉ ውሃ አይሸከምም። ባዮጋዝ ሲገባ ግን ውሃው ይመጣል፤ እበቱ እኩል ውሃ ካልተቀላቀለው ጉድጓዱ በደንብ አይሠራም። እና ሒሳቡን ከትራክተሩ ሳይሆን ከላሟ ብንጀምረው ምን ይመስላል? 6 ሜትር ኩብ የሚሆነው የቤተሰብ ባዮጋዝ በቀን 40 ኪሎ ያህል እበትና 40 ሊትር ያህል ውሃ ይበላል። በሌላኛው በኩል በየቀኑ ያንኑ ያህል፣ 80 ሊትር፣ አራት ጀሪካን ይወጣል። 5,000 ሊትር ለመሙላት አንድ ቤት ሁለት ወር ይፈጅበታል። ያ የምንፈራው ትልቅ ቦቴ ለአንድ ቤት አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ብረት ነው።

ትንሹ፣ 2,000 ሊትሩ፣ በ25 ቀን ይሞላል። በቀን አንዴ በደረቅ መንገድ ቢመላለስ አንዱ ቦቴ ከአንዱ ትራክተር ጋር ለ25 ቤት ይበቃል። ዛሬ የማን ተራ ነው፣ ዝናብ የበላውስ ቀን ለማን ይካካሳል የሚለው ግን ከእኔ ሒሳብ ውጭ ነው፤ እሱን ዱቡሻ ላይ መቀመጥ የሚያውቁት ኦቾሎዎች ይጨርሱት።